በክራኮቭ አሮጌ ከተማ ብቻውን ለሚጓዝ ነጋዴ የአንድ ቀን ጉብኝት

ለንግድ ጉዳይ ወደ አውሮፓ የሚሻገር ሰው ጊዜውን የሚያሳልፈው በአብዛኛው በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በሆቴልና በዕቃ ትርዒት አዳራሽ ውስጥ ነው። ናሙናው ከተመረጠ፣ ውሉ ከተፈረመና የባንኩ ወረቀት ከተላከ በኋላ ግን አንዳንድ ጊዜ አንድ ቀን ይተርፋል። ያችን ቀን አልጋ ላይ ተጋድሞ ከማሳለፍ ይልቅ በእግሩ መዞር ለሚወድ ነጋዴ፣ በደቡብ ፖላንድ በቪስዋ ወንዝ ዳር የምትገኘው የክራኮቭ ከተማ እጅግ የምትጠቅም ናት። ምንም እንኳ የነገሥታት መቀመጫ የነበረች ብትሆን፣ የአሮጌው ከተማ እምብርት ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ገበያው ነው፤ ጎዳናዎቹም ሁሉ ተለክተው የተቀየሱት ከዚያው ገበያ በመነሣት ነው።

ክራኮቭ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። ዩኔስኮ በ1978 የዓለምን ቅርስ መዝገብ ሲከፍት መጀመሪያ ከጻፋቸው 12 ስፍራዎች መካከል የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነበሩ፤ በዚያው ዝርዝር የክራኮቭ አሮጌ ከተማና በአቅራቢያዋ ያለው የቪየሊችካ የጨው ማዕድንም አብረው ገብተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብቻውን የሚጎበኝ ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ባልንጀራው በሱቅ መስኮት ፊት ሲዘገይ ቆሞ አይጠብቅም፤ እርሱም በአንድ አሮጌ ሚዛን ፊት ግማሽ ሰዓት ቢያጠፋ የሚነጫነጭበት የለም። ጉዳቱ የሚታወቀው የምሳ ሰዓት ሲደርስ ብቻ ነው።

ቀኑን ማለዳ መጀመር ይገባል። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ በእግር እንደተሄደ፣ ከአሮጌው ከተማ ቅጥር በስተሰሜን፣ ስታሪ ክሌፓሽ የተባለው ገበያ ይገኛል። ክሌፓሽ ዛሬ የክራኮቭ ሰፈር ይሁን እንጂ በ1366 በንጉሥ ካዚሚር ታላቁ ዘመን የራሱን መብት ተቀብሎ እንደ ልዩ ከተማ የቆመ ነበር። አሁንም የከተማው ሰው ጎመኑን፣ የደረቀ እንጉዳዩን፣ ማሩንና የተራራ እረኞች የሚያጨሱትን የበግ አይብ የሚገዛው ከዚሁ ነው። እንግዳው እዚህ ምንም ባይገዛ እንኳ መልካም ነው፤ የአገሩ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ አስቀድሞ ካወቀ፣ በኋላ በታላቁ አደባባይ ለቱሪስት የሚጠራውን ዋጋ ለመመዘን ይችላል።

ቁርሱን በመንገድ ላይ መብላት ይቻላል። በከተማዋ ማዕዘኖች ሁሉ በትንንሽ ጋሪዎች ላይ ኦብቫዣኔክ የተባለ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ዳቦ ይሸጣል፤ ሊጡ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ተነክሮ ኋላ ይጋገራል፤ በላዩም ጨው፣ ሰሊጥ ወይም የፖፒ ፍሬ ይነሰነስበታል። ዋጋው ርካሽ፣ ታሪኩ ግን ረጅም ነው። በ1394 በንግሥት ያድቪጋ ቤተ መንግሥት የሒሳብ መዝገብ ስሙ ተጽፎ ይገኛል፤ በ1496 ደግሞ ንጉሥ ያን ኦልብራክት ነጭ ዳቦና ኦብቫዣኔክ የመጋገሩን መብት ለክራኮቭ ጋጋሪዎች ማኅበር ብቻ አጸና። ያ ብቸኛ መብት ከዘመናት በኋላ ቀረ፤ ሆኖም በ2010 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን በቦታ መለያነት መዝግቦ፣ ከክራኮቭና ከአካባቢዋ ውጭ የተጋገረ ሁሉ «የክራኮቭ ኦብቫዣኔክ» ተብሎ እንዳይሸጥ ጠበቀው። ኢትዮጵያ የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የደከመችውን ድካም ለሚያስታውስ ቡና ላኪ፣ ይህ የመንገድ ዳቦ ብዙ ነገር ያሳስበዋል። ስም ዕቃውን ተከትሎ ገበያ ይወጣል፤ ባለቤቱ ካልጠበቀው ግን ሌላው ይሸጠዋል።

ከክሌፓሽ ወደ ከተማው የሚገባው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ባርባካን የተባለውን ክብ ምሽግ ነው። በ1498 እና በ1499 የተሠራ ሲሆን 130 የመተኮሻ ቀዳዳዎች አሉት። ከምሽጉ ቀጥሎ የቅዱስ ፍሎሪያን በር ይቆማል። የቀረው የከተማው ቅጥር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈርሶ በቦታው ፕላንቲ የተባለው ዙሪያውን የሚከብ የዛፍ መናፈሻ ተተክሏል። በሩና ምሽጉ ከመፍረስ የተረፉት ፌሊክስ ራድቫንስኪ የተባሉ ፕሮፌሰር በከተማው ምክር ቤት ፊት ስለ ተከራከሩላቸው ነው፤ ግንቡ ቢፈርስ የሰሜን ነፋስ ቀጥታ ወደ አደባባዩ ይገባል ብለው ነበር ይባላል። አንድን ቅርስ በነፋስ ምክንያት ማዳን እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ ለሸንጎ ሰዎች ከውበት ይልቅ ብርድ በቶሎ የሚገባቸው ሳይሆን አይቀርም።

የፍሎሪያንስካ ጎዳና ከዚህ በር ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አደባባዩ ይወስዳል። ባለሱቅ የሆነ እንግዳ እዚህ ቀና ብሎ የሱቆቹን ሰሌዳ ይመልከት። ከ2011 ጀምሮ አሮጌው ከተማ በልዩ የባህል ጥበቃ ደንብ ስለሚተዳደር፣ የማስታወቂያው መጠን፣ የሚለጠፍበት ቦታና በመንገድ ላይ የሚዘረጋው ዕቃ ሁሉ በደንብ የተወሰነ ነው። ይህ ባለሱቁን ያስቸግረዋል፤ ነገር ግን ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣው ግንቡን ለማየት ስለሆነ፣ ግንቡን የሸፈነ ማስታወቂያ የገዛ ደንበኛውን ያባርራል።

ታላቁ አደባባይ፣ በአገሩ ቋንቋ ሪኔክ ግዎቭኒ፣ በየጎኑ 200 ሜትር ያህል የሚሆን አራት ማዕዘን ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ከተቀየሱት የአውሮፓ አደባባዮች ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ሞንጎሎች በ1241 ከተማዋን ካቃጠሏት ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1257፣ ልዑል ቦሌስዋቭ ለከተማዋ በማግደቡርግ ሕግ አምሳያ የመብት ደብዳቤ ሰጣት፤ አደባባዩም ያኔ ተለካ። ልዑሉ በዚሁ ደብዳቤ ለጨርቅ ነጋዴዎች ሱቅ ሊያሠራላቸው ግዴታ መግባቱን ልብ ማለት ያሻል። ከተማዋ ከአመድ ስትነሣ በመጀመሪያ ከታሰቡት ሥራዎች አንዱ ሱቅ ነበር።

እነዚያ ሱቆች ዛሬ በአደባባዩ መካከል የተዘረጋው ሱኪየኒትሴ፣ ማለት የጨርቅ አዳራሽ፣ መነሻ ናቸው። መጀመሪያ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት የተሠሩ የድንጋይ ሱቆች ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው መተላለፊያ ሌሊት ሌሊት በብረት መዝጊያ ይዘጋ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በካዚሚር ታላቁ ትእዛዝ 108 ሜትር ርዝመት ያለው አዳራሽ ተሠራበት፤ እርሱም በ1555 ተቃጥሎ፣ ከዚያ በኋላ የጣልያን አናጺዎች በሬኔሳንስ ሥርዐት አስጊጠው አደሱት። አሁን ያለው መልክ ደግሞ ከ1875 እስከ 1879 በተደረገው እድሳት የተገኘ ነው። በ1879 ሰዓሊው ሄንሪክ ሼሚራድስኪ አንድ ታላቅ ሥዕሉን ለከተማው ሰጠ፤ ያ ስጦታ ለፖላንድ ብሔራዊ ሙዚየም መነሻ ሆነ፤ የሥዕሉ ማሳያም እስከ ዛሬ በአዳራሹ ፎቅ ላይ ነው።

ምድር ቤቱ ግን ገበያነቱን አልተወም። ጨርቅ አሁን ጥቂት ነው፤ የሚሸጠው ከባልቲክ ባሕር የሚመጣው አምበር፣ የእንጨት ሥራ፣ ዳንቴልና ቆዳ ነው። ድንኳኖቹ ትንንሾች፣ ዕቃዎቻቸውም እጅግ ተመሳሳይ ስለሆኑ፣ አስመጪ የሆነ ሰው ሁለት ጊዜ ሳይዞር ባይገዛ ይሻለዋል። በአንደኛው መግቢያ ቅስት ላይ አንድ አሮጌ የብረት ቢላዋ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይታያል። የከተማው ሰው ወንድሙን ስለገደለ ግንበኛ አንድ ተረት ይነግርበታል፤ ሌላው ትርጓሜ ግን በማግደቡርግ ሕግ ሌባ ጆሮውን እንደሚቈረጥ ለገበያተኛው ለማስታወስ የተሰቀለ ነው የሚል ነው። ለገበያ ቦታ ይህ ሁለተኛው ይስማማል።

ጨርቅ የሚለካበት የድሮው መለኪያ ሎኬች ይባል ነበር፤ ትርጓሜው ክርን ማለት ነው። በክንድ አቡጀዲ ሲለካ ያየ ሰው ሁሉ የዚህን ቃል አሳብ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል፤ ክርክሩንም ጭምር፤ የሻጭ ክንድና የገዢ ክንድ በየትኛውም አገር እኩል ሆነው አያውቁም። ክራኮቭ ይህን ክርክር የቈረጠችው መለኪያውን ከነጋዴው እጅ አውጥታ ለከተማው በመስጠት ነው፤ ዝርዝሩ ከምድር በታች ስለሚታይ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀትር ከመሆኑ በፊት ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን መግባት ያስፈልጋል። በአደባባዩ ጥግ ቁመታቸው የማይተካከል ሁለት ማማዎች ያሉት የሸክላ ሕንፃ ነው፤ ረጅሙ 82 ሜትር፣ አጭሩ 69 ሜትር ነው። በውስጡ ፋይት ሽቶስ የተባለው የኑረምበርግ ሰው ከ1477 እስከ 1489 በሊንደን እንጨት የቀረጸው ታላቅ መሠዊያ ይገኛል። ቁመቱ 13 ሜትር፣ ወርዱ 11 ሜትር ገደማ ነው። የእናታችን የማርያም ዕረፍት በመካከሉ ተቀርጿል፤ ሐዋርያቱም ከሰው ቁመት ይበልጣሉ፤ ሆኖም የእጃቸው የደም ሥር እንኳ ተለይቶ ይታያል። ዋጋው 2,808 ፍሎሪን ሲሆን ከከተማው የአንድ ዓመት በጀት ጋር የሚተካከል እንደ ነበር ይነገራል፤ የከፈሉትም የከተማው ነዋሪዎች፣ ማለት ነጋዴዎቹና የእጅ ባለሙያዎቹ ናቸው።

የዚህ ታላቅ ባለሙያ የኋላ ታሪክ በንግድ ሰው ዘንድ ሊታወቅ የሚገባ ነው። ሽቶስ በ1496 ሀብታም ሆኖ ወደ ኑረምበርግ ከተመለሰ በኋላ ገንዘቡን ለአንድ ነጋዴ አምኖ ሰጠ፤ ገንዘቡም ጠፋ። ያጣውን ለማስመለስ የዚያን ነጋዴ ፊርማና ማኅተም አስመስሎ የብድር ወረቀት ሠራ። በ1503 ተፈረደበትና ሁለት ጉንጮቹ በጋለ ብረት ተተኰሱ፤ ያለ ፈቃድም ከከተማው እንዳይወጣ ተከለከለ። ተበዳይ እንደ ነበር ብዙዎች ያምናሉ፤ ዳኞቹ ግን የተበደለ ሰው የሠራው ሐሰተኛ ሰነድ ያው ሐሰተኛ ሰነድ ነው አሉ። በዚያ ዘመን የነጋዴ ማኅተም ከተጠረጠረ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ብድር የሚባል ነገር ሊተላለፍ አይችልምና ፍርዱ የጨከነበት ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መሠዊያው ራሱም ስደተኛ ሆኖ ነበር። በ1939 ጦርነቱ ሲቃረብ ፖላንዶች ፈታተው ደበቁት፤ ጀርመኖች አግኝተው ወሰዱትና በኑረምበርግ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት አኖሩት። በ1946 ወደ ፖላንድ ተመለሰ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ዳግመኛ የቆመው ግን በ1957 ነው።

ልክ በቀትር፣ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ሲሞላ፣ እንግዳው ደጅ ወጥቶ ወደ ረጅሙ ማማ ይመልከት። መስኮት ይከፈትና የመለከት ድምፅ ይሰማል። መለከቱ ሄይናው ይባላል፤ በየሰዓቱ ሌሊትም ቀንም ወደ አራቱ ማዕዘን ይነፋል፤ ነፊዎቹም የከተማው የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኞች ናቸው። የቀትሩን ድምፅ የፖላንድ ራዲዮ ከ1927 ጀምሮ ለአገሩ ሁሉ ያሰማል። ዜማው በድንገት ተቈርጦ የሚቀረው፣ የጥንቱ ዘበኛ የሞንጎሎችን መምጣት ሲያስታውቅ ቀስት ጉሮሮውን ስለወጋው ነው ይላሉ፤ ይህ ግን የቆየ የጽሑፍ ማስረጃ የሌለው አፈ ታሪክ ነው። የከተማው ሰው አራቱን ድምፆች ሲያከፋፍል የመጀመሪያው ለንጉሥ፣ ሁለተኛው ለከንቲባው፣ ሦስተኛው በፍሎሪያን በር ለሚገቡ እንግዶች፣ አራተኛው ወደ ትንሹ ገበያ የሚነፋው ለነጋዴዎች ነው ይላል። ነጋዴዎች መጨረሻ መሆናቸው ቅር የሚያሰኘው ሰው ቢኖር፣ ሌላው ባለ ንግድ ሁሉ በአውሮፓ ማማ ላይ ጨርሶ እንዳልተነፋለት ያስብ።

ለምሳ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቬዢኔክ የሚባል ስም የተጻፈበት በአደባባዩ ዳር ያለው ውድ ምግብ ቤት ነው። ሚኮዋይ ቬዢኔክ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ነጋዴና የከተማው የምክር ቤት አባል ነበር፤ በ1364 ካዚሚር ታላቁ የነገሥታት ጉባኤ በጠራ ጊዜ፣ የሮማውያኑ ንጉሠ ነገሥት ካርል አራተኛ፣ የሃንጋሪ፣ የዴንማርክና የቆጵሮስ ነገሥታት በተገኙበት ግብር ያበላ እርሱ ነው እየተባለ ይተረካል። የቆጵሮሱ ንጉሥ የመጣው ለመስቀል ጦርነት ርዳታ ሊለምን ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት የእስክንድርያን ወደብ ወርሮ ዘረፈ። ሁለተኛው መንገድ ባር ምሌችኒ፣ ማለት «የወተት ቤት»፣ የተባለው የሠራተኛ ምግብ ቤት ነው፤ ቀይ ሥር ሾርባና ፒዬሮጊ የተባለ በሊጥ ተጠቅልሎ የተቀቀለ ምግብ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። ብቻውን ለሚበላ ሰው ይህኛው ይሻላል፤ ጠረጴዛው የጋራ ነው፤ ለምን ብቻህን መጣህ የሚል አስተናጋጅም የለም። የጾም ቀን ቢሆን በጎመንና በእንጉዳይ የተሞላውን ማዘዝ፣ ቅቤ ወይም የአሳማ ስብ በላዩ እንዳይጨመርም አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ገንዘብን በተመለከተ ፖላንድ በ2004 ወደ አውሮፓ ኅብረት ብትገባም የምትገበያየው በዝዎቲ እንጂ በዩሮ አይደለም። ካንቶር የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ መንዛሪ ነው፤ የሚገዙበትና የሚሸጡበት ዋጋ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። ቀኑ እሑድ ከሆነ ደግሞ ከጥቂት እሑዶች በቀር አብዛኞቹ ሱቆች ዝግ ናቸው፤ ከ2018 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ባለቤቱ ራሱ በባንኮኒው ኋላ ቆሞ የሚሸጥበት ሱቅ ግን ከክልከላው ነጻ ነው። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ሠራተኛውን ለማሳረፍ አስበው ነው፤ ለትንሹ ባለሱቅ በታላላቆቹ መደብሮች ፊት አንድ ቀን መተንፈሻ ማስገኘቱ ግን አይካድም።

ከምሳ በኋላ ወደ ምድር በታች መውረድ ነው። ከ2005 ጀምሮ በአደባባዩ የተደረገው ቁፋሮ ሲፈጸም፣ በ2010 ከድንጋይ ንጣፉ ሥር ሙዚየም ተከፈተ። ትኬቱ በሰዓት የተወሰነ ስለሆነ አስቀድሞ መግዛት ይገባል። ከተማው በየዘመኑ በራሱ ፍርስራሽና አፈር ላይ ከፍ እያለ ስለ ሄደ፣ የጥንቱ የገበያ ወለል ከዛሬው ብዙ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዚያ የተነጠፈው ድንጋይ፣ የተቃጠሉ ቤቶች አሻራ፣ የጥንት መቃብሮችና የሱቆቹ መሠረቶች ይታያሉ።

ለነጋዴ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሚዛን ቤቶቹ ፍርስራሽ ነው። ክራኮቭ ሁለት የከተማ ሚዛን ቤቶች ነበሯት፤ ታላቁ ሚዛን እንደ መዳብና እርሳስ ላሉት ከባድ ዕቃዎች፣ ትንሹ ሚዛን ደግሞ እንደ ሰምና ቅመም ላሉት በጥቂት ክብደት ብዙ ዋጋ ለሚያወጡት ነበር። በዚህ ቁፋሮ የተገኘ አንድ የእርሳስ ሙልሙል 693 ኪሎግራም ይመዝናል። ይህን የመሰለ ብረት በግል ሚዛን ሊመዘን አይችልም፤ ቢመዘንም የሚያምን የለም። ስለዚህ ከተማው ሚዛኑን ያዘ፣ የሚዛን ክፍያም ሰበሰበ፣ ሻጭና ገዢም በአንድ ቃል ተስማምተው ተለያዩ። የከተማው ሚዛን ቤቶች ሕንፃዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈርሰዋል፤ መሠረታቸው ግን ይኸው ይታያል።

መዳቡ ከየት መጣ? ከክራኮቭ በስተደቡብ በጊዜው የሃንጋሪ ግዛት ከነበሩት ተራሮች ተቈፍሮ፣ በቪስዋ ወንዝ ሸለቆ በኩል ወደ ባልቲክ ባሕርና ወደ ፍላንደርስ ይሄድ ነበር። በ1306 ልዑል ቭዋዲስዋቭ ለክራኮቭ የማራገፍ መብት ሰጣት፤ ይኸውም በከተማዋ የሚያልፍ መዳብ ነጋዴ ዕቃውን አራግፎ ለአገሬው ነጋዴ ለሽያጭ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ነው። ለክራኮቭ ነጋዴ በረከት ነበር፤ ሳይወጣና ሳይወርድ በደጁ ላይ አትራፊ ሆነ። ለእንግዳው ነጋዴ ግን ደረሰኝ የሌለው ቀረጥ ነበር፤ የቶሩን ከተማ ሰዎችም ወደ ሃንጋሪ የሚወስደው መንገድ ተዘጋብን እያሉ ለረጅም ዘመን ተሟገቱ። አደባባዩን የሞሉት ያማሩ ቤቶች በብልኃት ብቻ ሳይሆን በዚህ ግዴታም ጭምር መሠራታቸውን አለመርሳት ነው።

ሌላው ሀብት ጨው ነበር። የቦኽኒያና የቪየሊችካ ጉድጓዶች በካዚሚር ዘመን ከንጉሡ ገቢ እስከ ሲሶ ድረስ ያስገቡ ነበር ይባላል። አሞሌ በገንዘብ ፋንታ ሲዘዋወር ለኖረበት አገር ሰው ይህ አይደንቀውም። ቪየሊችካን ማየት ግን ሌላ ቀን ይፈልጋል፤ ለንግድ ጨው ማውጣቱም በ1996 ቆሟል።

ከሙዚየሙ ወጥቶ ጥቂት ወደ ምዕራብ ቢሄዱ የዩኒቨርሲቲው አሮጌ ሕንፃ ኮሌጊዩም ማዩስ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው በ1364 ተመሥርቶ ከተዳከመ በኋላ፣ ንግሥት ያድቪጋ በኑዛዜዋ በተወችው ጌጣጌጥ በ1400 ዳግመኛ ቆመ። ኒኮላስ ኮፐርኒከስ በ1491 በዚህ ተመዘገበ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ መዞርዋን ያስተማረው ይህ ሰው የመዳብ ነጋዴ ልጅ ነበር፤ አባቱ ከክራኮቭ ወደ ቶሩን ሄዶ የሰፈረ ነጋዴ ነው። ኮፐርኒከስ ስለ ገንዘብ አሠራርም ድርሳን ጽፏል፤ ብሩ የተቀነሰበት መጥፎ ገንዘብ ሲገባ ሰው መልካሙን ደብቆ መጥፎውን እንደሚያወጣ አስረድቷል። በሁለት ዓይነት ገንዘብ የሠራ ባለሱቅ ሁሉ ይህን ሳይማር ያውቀዋል።

የቫቬል ኮረብታ፣ ቤተ መንግሥቱና ካቴድራሉ፣ የግድ መታየት አለባቸው፤ ነገር ግን ሁሉን ክፍል ለማየት ሙሉ ቀን ይበላል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው የግቢውን ባለ ቅስት ሰገነቶች አይቶ፣ በ1520 የተሠራውን የዚግሙንት ደወል ሰላም ብሎ ቢወርድ ይበቃዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያ ነገሥታቱ ወደ ዋርሶ መሄድ ጀመሩ፤ በ1655 ስዊድናውያን ወረሩ፤ የከተማዋም ንግድ ደከመ። ከ1815 እስከ 1846 «ነጻ ከተማ» ተብላ ያለ ቀረጥ ስትነግድ ጥቂት አንሰራራች፤ ኦስትርያ በ1846 ስትጠቀልላት ግን ያ መብት ቀረ። ነጋዴ ይህን ሲያይ ግንቦቹ ያው ሆነው ሳለ የአንድ የቀረጥ ደንብ መለወጥ ከተማን እንዴት እንደሚያነሣና እንደሚጥል ይረዳል።

ቀኑ ሳይመሽ ግን ከወንዙ ማዶ መሻገር አለ። አሮጌው ከተማ እጅግ ያማረ ስለሆነ፣ እርሱን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ጦርነቱ ክራኮቭን ሳይነካት ያለፈ ይመስለዋል። ግንቦቹ አልፈረሱም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከጦርነቱ በፊት በከተማዋ 60,000 ገደማ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ነጋዴዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና ባለሱቆች ነበሩ። ከ1495 ጀምሮ በቫቬል አቅራቢያ ባለው በካዚሚዬሽ ሰፈር ተከማችተው ኖረዋል። ጀርመኖች አደባባዩን በአዶልፍ ሂትለር ስም ጠሩት፤ ሱቆቹን ወረሱ፤ በመጋቢት 1941 ከወንዙ ማዶ በፖድጉዤ ቀድሞ 3,000 ያህል ሰው ይኖርበት በነበረ ሰፈር 15,000 ሰዎችን በግንብ አጠሩ።

በዚያ አጥር ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ነበር፤ «በንስር ሥር» ይባላል። ባለቤቱ ታዴኡሽ ፓንኪየቪች አይሁዳዊ አልነበረም። ጀርመኖች ከአጥሩ ውጭ ሌላ መድኃኒት ቤት ሊሰጡት ቢያቀርቡለት አልቀበልም ብሎ ሱቁን እዚያው ከፍቶ ቆየ፤ ሦስት ሴቶች ረዳቶቹም በየቀኑ በፈቃድ ወረቀት ይመጡ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ ይኖር የነበረ ብቸኛው አይሁዳዊ ያልሆነ ፖላንዳዊ እርሱ ነው። በመደርደሪያው ላይ የነበረው ዕቃ የተለመደው የመድኃኒት ሸቀጥ ነው፤ ግን የጠጉር ቀለም ሽማግሌዎች ወጣት መስለው ከመጋዝ እንዲተርፉ ያገለግል ነበር፤ የማስተኛ መድኃኒት በአሰሳ ጊዜ የተደበቁ ሕፃናት እንዳያለቅሱ ይሰጥ ነበር። ደብዳቤና ገንዘብም በባንኮኒው ላይ ይተላለፍ ነበር። በመጋቢት 13 እና 14፣ 1943 ሰፈሩ ተጠራርጎ ጠፋ፤ ያልተገደሉት ወደ ካምፕ ተነዱ።

ፓንኪየቪች ያየውን በ1947 በመጽሐፍ አሳተመ። መድኃኒት ቤቱ በ1951 በመንግሥት ተወረሰ፤ በኋላም ተዘግቶ የመጠጥ ቤት እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ በ1983 ሙዚየም ሆነ። በዚያው ዓመት ፓንኪየቪች ከእስራኤል «ጻድቅ በአሕዛብ መካከል» የሚለውን ክብር ተቀበለ፤ በ1993 ዐረፈ። ዛሬ ወደ ውስጥ የሚገባ እንግዳ መሳቢያዎቹን መክፈት፣ ከባንኮኒው ኋላ መቆም ይፈቀድለታል። በፊት ለፊቱ ባለው አደባባይ 70 የብረት ወንበሮች ባዶአቸውን ተተክለዋል፤ ሰዎቹ ከተወሰዱ በኋላ በሜዳው ተበትኖ የቀረውን የቤት ዕቃ ለማስታወስ ነው። ከወንበሮቹ አጠገብ የትራም ማቆሚያ ስላለ፣ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ሰዎች ትራሙ እስኪመጣ በአንዳንዶቹ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ የገዙትንም ዕቃ በጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ወደ ከተማው የሚመለሰው እንግዳም የሚሳፈረው ከዚሁ ነው።